ስለ ዋሻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ለጎንደርና ለአካባቢዋ ሰው

ከጎንደር ወጣ ብሎ ገደል ሥር ዋሻ ያየ ሰው የሚያነሳቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ እንጀምር።

ዋሻ የሚባለው ምን ያህል ሲሆን ነው?

ተፈጥሮ በአለት ውስጥ የፈጠረችው፣ ሰው የሚያስገባ ባዶ ቦታ ሁሉ ዋሻ ነው። እጅ ብቻ የሚያስገባ ስንጥቅ ዋሻ አይባልም። ሰው በመሮና በመዶሻ የጠረበው ደግሞ ፍልፍል ነው። በአፍ ሲነገር ሁለቱንም ዋሻ እንላለን፤ ማንም አይጣላንም።

ብዙ ሰው ዋሻ ሲባል ረጅም፣ ጨለማና ጠመዝማዛ ነገር ይታየዋል። እረኛ ዝናብ ሲመጣ ከብቱን ይዞ የሚጠለልበት፣ ከላይ አለት የከደነው፣ ከፊት ክፍት የሆነው ቦታም ዋሻ ነው። በእኛ አካባቢ የምታዩት አብዛኛው እንዲህ ያለው ነው። እንዳትንቁት ግን። የጥንት ሰው ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች ከጥልቁ ዋሻ ይልቅ ይህንን ይመርጣሉ። ብርሃን አለው፣ ወለሉ ደረቅ ነው፣ ሰው ደግሞ የሚቀመጠው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ዋሻ እንዴት ይፈጠራል?

የዓለም ትልልቅ ዋሻዎች አብዛኞቹ ያሉት በኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው። ዝናብ ሲወርድ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። አፈር ውስጥ ሲሰርግ ደግሞ ከዕፅዋት ሥርና ከበሰበሰ ቅጠል ይጨምራል። አምቦ ውሃ ሲከፈት ሽው የሚለው ጋዝ ማለት ነው። ውሃው በጣም ደካማ አሲድ ይሆናል። በስንጥቁ እየገባም የኖራውን ድንጋይ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ስንጥቁ ቀዳዳ፣ ቀዳዳው ቱቦ፣ ቱቦው አዳራሽ ይሆናል። ሥራው በሺዎችና በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዓመት ይፈጃል።

ሌሎች መንገዶችም አሉ። ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቅልጥ አለት ሲፈስ ላዩ ቀድሞ ቀዝቅዞ ይጠነክራል፤ ውስጡ ግን መፍሰሱን ይቀጥላል። ፈሳሹ ወጥቶ ሲያልቅ ባዶ ቱቦ ይቀራል። የባሕር ማዕበል ዳርቻውን እየመታ ዋሻ ይሠራል። ወንዝም ገደል ሥር እየቦረቦረ ያው ነው።

ጎንደር ዙሪያ ያሉትስ በምን ተፈጠሩ?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በመማሪያ መጽሐፍ ያነበብነውን የኖራ ድንጋይ ታሪክ ይዘን የጎንደርን ተራራ ልንፈታ እንሞክራለን፤ አይፈታም። ከተማዋም፣ ወገራም፣ ሰሜን ተራራም የቆሙት በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የዛሬው የኢትዮጵያ ደጋ በቅልጥ አለት ጎርፍ ተሸፈነ። አንዱ ፍሳሽ ቀዝቅዞ ሌላው በላዩ መጣ፤ ሌላም፣ ሌላም። የሰሜን ተራራ ራሱ በዚያ ዘመን የነበረ ግዙፍ እሳተ ገሞራ ቅሪት ነው። ገደሎቹ እንደ ደረጃ ተደራርበው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ በአንዱ ፍሳሽና በሚቀጥለው መካከል ጊዜ ያልፋል። በዚያ ጊዜ አመድ ይቀመጣል፣ አፈር ይፈጠራል፣ አንዳንድ ቦታ ደንም ይበቅላል። ጭልጋ ሂዱና እዩ፦ በእሳተ ገሞራው ድንጋይ መካከል የድንጋይ ከሰልና ደለል አለ። ከዚያ ውስጥ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የጥንት ዝሆን ዘመዶች ቅሪት ተገኝቷል። ይህ መካከል ላይ የገባው ንብርብር ለስላሳ ነው። ከላይና ከታች ያለው ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልቱ፣ ጠንካራ ነው። ውሃ፣ ውርጭና ነፋስ ለስላሳውን እየሸረሸሩ ያወጡታል፤ ጠንካራው ጣሪያ ሆኖ ይቀራል። የእኛ ዋሻ አብዛኛው እንዲህ የተሠራ ነው። ሰፊ አፍ አለው፣ ወደ ውስጥ ግን ብዙ አይሄድም።

ራሳችሁ መለየት ከፈለጋችሁ ትንሽ አቼቶ ይዛችሁ ሂዱ። የኖራ ድንጋይ ላይ ስታንጠባጥቡ አረፋ ያወጣል። ባዛልት ላይ ግን ምንም አይሆንም።

ታዲያ በኢትዮጵያ ትልቁ ዋሻ የት ነው?

ስሙ የገነነው ባሌ የሚገኘው ሶፍ ዑመር ነው። የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ሰንጥቆ በውስጡ ያልፋል። የተለካው መንገዱ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አምድ የመሳሰሉት ድንጋዮቹን ያየ ሰው ሰው ያልጠረባቸው መሆኑን ለማመን ይቸገራል። ቦታው በሼህ ሶፍ ዑመር ስም የሚጠራ የሙስሊሞች የዝየራ ስፍራም ነው።

ከዓለም ጋር ካነጻጸርነው፣ ረጅሙ አሜሪካ ኬንታኪ ውስጥ ያለው የማሞዝ ዋሻ ነው፤ እስካሁን የተለካው ከ680 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ጥልቁ ደግሞ ጆርጂያ፣ አብካዚያ ውስጥ ያለው ቬሪዮቭኪና ሲሆን ከ2,200 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። ጎንደር ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ከጣሪያ የሚንጠለጠለው ድንጋይ ምንድን ነው? ያድጋል የሚባለውስ?

ያድጋል። ኖራ ያሟሟው ውሃ ከጣሪያ ሲንጠባጠብ የያዘው ጋዝ ወደ አየር ይወጣና ኖራው ተመልሶ ይጠጥራል። ከላይ የሚንጠለጠለው ስታላክታይት፣ ከታች የሚቆመው ስታላግማይት ይባላል። ፍጥነቱ እንደየዋሻው ይለያያል፤ በብዙዎቹ በዓመት ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ አይበልጥም። ይህ ማለት አንድ ልጅ ለማስታወሻ ብሎ የሰበረው የጣት ያህል ቁራጭ ብዙ መቶ ዓመታት የፈጀ ሊሆን ይችላል።

ለሳይንስ ደግሞ ትልቅ ሀብት ነው። እንደ ዛፍ ቀለበት ንብርብር አለው። በምዕራብ ሐረርጌ፣ መቻራ አካባቢ ካሉ ዋሻዎች የተወሰዱ ስታላግማይቶች ተጠንተው ያለፈው ዘመን ዝናብ እንዴት ይለዋወጥ እንደነበር ለማወቅ ረድተዋል። በእኛ ባዛልት ዋሻዎች ውስጥ እንዲህ ያለውን ብዙ አትጠብቁ።

ዋሻ ውስጥ በጋም ክረምትም ሙቀቱ ለምን አይለወጥም?

ወፍራም አለት የቀኑንም የወቅቱንም ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። ስለዚህ ጥልቅ ዋሻ ውስጥ ያለው ሙቀት የአካባቢውን ዓመታዊ አማካይ ይጠጋል። ቆላ ያለው ሞቅ፣ ውርጭ ያለበት ደጋ ያለው ብርድ ይላል። አፉ ሰፊ የሆነ ጥልቀት የሌለው ዋሻ ግን ይህ አይሠራለትም፤ ነፋሱ እንደልቡ ይገባበታል። ሰሜን ተራራ ላይ ያደረ ሰው ያውቀዋል።

ዋሻ ውስጥ ምን ይኖራል?

ባዶ ዋሻ የሚባል ነገር የለም ብላችሁ ግቡ፤ ብዙ አትሳሳቱም። አፉ አካባቢ ሽኮኮ፣ ጃርት፣ እርግብ፣ አንዳንዴም ጅብና ነብር ይገኛሉ። ጆፌ አሞራ ጎጆውን የሚሠራው ገደል ላይ ባለ ጎድጓዳ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ ቀን ሜዳ ላይ ሣር ሲነቅል ውሎ ሲመሽ የሚወርደው ወደ ገደሉ ነው፤ የሚያድረው ግን ዋሻ ውስጥ ገብቶ ሳይሆን ሌላ አውሬ በማይደርስበት የገደል ጠርዝ ላይ ተደርድሮ ነው።

ወደ ውስጥ ስትዘልቁ የሌሊት ወፍ ትመጣለች። ከእሷ ጋር ሙሉ መንደር አለ። ብርሃን በሌለበት ተክል አይበቅልም፤ ስለዚህ የሚበላው ነገር ከውጭ መምጣት አለበት። የሌሊት ወፏ ውጭ በልታ ውስጥ ትጥላለች። ኩሷን ሻጋታና ጥቃቅን ነፍሳት ይበሉታል፤ እነሱን ሸረሪት ይበላቸዋል።

ለብዙ ሺህ ትውልድ ጨለማ ውስጥ የቆዩ እንስሳት ዓይናቸውን ጭምር ያጣሉ። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጎረቤት ሶማሊያ ከመሬት በታች ባለ ውሃ ውስጥ ዓይንም ቅርፊትም የሌለው ዓሣ አለ።

የሌሊት ወፍ ደም ትመጥጣለች? ዓይነ ስውርስ ናት?

የኛዎቹ ደም አይመጥጡም። ደም የሚመጥጡት ሦስት ዝርያዎች ብቻ ሲሆኑ ሦስቱም ያሉት ላቲን አሜሪካ ነው። ዓይነ ስውርም አይደሉም፤ አብዛኞቹ በድምፅ ማሚቶ መንገዳቸውን ስለሚያገኙ ነው ሰው እንዲያ የሚያስበው። ነፍሳት የሚበሉት የገበሬውን ተባይ ይቀንሳሉ። ፍራፍሬ የሚበሉት ዘር ይበትናሉ። ስማቸው ግን እንደ ጠፋ ነው የቀረው፣ ምን ይደረግ።

የጥንት ሰው ሁሉ የሚኖረው ዋሻ ውስጥ ነበር?

አልነበረም። ይህ አስተሳሰብ የመጣው ቅሪቱ ዋሻ ውስጥ በደንብ ስለሚቆይ ነው። ሜዳ ላይ ያደረ ሰው የጣለውን ዝናብና ጎርፍ ይወስደዋል፤ ዋሻ ውስጥ የጣለው ግን አቧራ ለብሶ ይጠብቃል። ስለዚህ ብዙ ያገኘነው ዋሻ ውስጥ ነው። ያገኘንበት ቦታ እና የኖሩበት ቦታ ግን አንድ አይደሉም። ጥሩ ማስረጃ ያለው እዚሁ ደጃችን ላይ ነው፦ መተማ አካባቢ፣ ሽንፋ ወንዝ ዳር፣ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች ሜዳ ላይ ሰፍረው ነበር። ዓሣ ያጠምዱ ነበር፤ የሰጎን እንቁላል ይበሉ ነበር። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ነው የወጣው። በዚያው ንብርብር ውስጥ ከኢንዶኔዥያው የቶባ እሳተ ገሞራ በነፋስ የመጣ ጥቃቅን መስታወት መገኘቱ ዘመኑን ለማወቅ ረድቷል።

በዋሻ የኖሩም ነበሩ፤ የእኛ አካባቢ በዚህም አይታማም። ጎርጎራ፣ ጣና ዳር፣ አንድ የአለት መጠለያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተቆፍሮ ነበር። የድንጋይ መሣሪያዎቹን ታዋቂው የጥንት ሰው ታሪክ ተመራማሪ ሉዊስ ሊኪ እ.ኤ.አ. በ1943 ጽፎባቸዋል። ጎርጎራን ዛሬ የምናውቃት በሐይቁ፣ በደብረ ሲና ማርያምና በአዲሱ ሪዞርት ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት ድንጋይ እየጠረበ አደን የሚወጣ ሰው ነበረባት። ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ በቀድሞው በጌምድር፣ ላሊበላ ዋሻ እና ናጫቢየት የሚባሉ ሁለት ዋሻዎችም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተቆፍረዋል። ስሙ አያሳስታችሁ፤ ይህ ላሊበላ የላስታው ከተማ አይደለም። እዚያ ከ2,500 ዓመት ገደማ በፊት የነበረ ገብስና ሽንብራ ተገኝቷል። ሽሮ ለምትወዱ ሰዎች፣ ሽንብራው በዚህ አገር ምን ያህል ነባር እንደሆነ እዩት።

ወደ ደቡብ ስንሄድ ሁለት ስሞች መታወቅ አለባቸው። ባሌ ተራሮች ላይ ፊንጫ ሐበራ የሚባል መጠለያ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ሰዎች ከ47,000 ዓመት በፊት ጀምሮ እየተመላለሱ ይኖሩበት ነበር፤ ዋና ምግባቸው የአካባቢው ትልቅ ፍልፈል ነበር። ጋሞ ደጋ ላይ ደግሞ ሞታ የሚባለው ዋሻ አለ። ከ4,500 ዓመት ገደማ በፊት እዚያ የተቀበረ ሰው አጥንት በ2012 እ.ኤ.አ. ተገኘ፤ በ2015 ሙሉ የዘር መረጃው ተነበበ። ከአፍሪካ ጥንታዊ አጥንት እንዲህ ሲነበብ የመጀመሪያው እሱ ነው። ዋሻው ቀዝቃዛ ባይሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

የዋሻ ሥዕል በጎንደር አለ?

ጎንደር በሥዕል የምትታወቀው በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ነው፤ በዋሻ ሥዕል ስሙ የወጣው ምሥራቁ ነው። ድሬዳዋ አካባቢ ለገ ኦዳ የከብትና የሰው ሥዕሎች በብዛት አሉበት። ፖርክ ኤፒክ የሚባለው ዋሻም እዚያው ድሬዳዋ አጠገብ ነው፤ ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። ከዚያ 40,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ፣ ተፈጭቶ ቀለም የሚሆን ቀይ አፈር ተገኝቷል፤ ክብደቱ 40 ኪሎ ያህል ነው። ያ ሁሉ ቀለም ምን ላይ እንደዋለ መገመት ደስ ይላል።

ለምንድን ነው ብዙ ገዳምና ቤተ ክርስቲያን በዋሻ የሆነው?

አንዱ ምክንያት ተግባራዊ ነው። ጣሪያ አለው፣ ሩቅ ነው፣ ለጠላትም አይመችም። መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት በክፉ ቀን የሚሸሸጉት እንዲህ ያለ ቦታ ነበር። ሌላው ምክንያት ግን ከመጽሐፉ ራሱ የመጣ ነው። ኤልያስ በኮሬብ ያደረው በዋሻ ነው። አብድዩ መቶ ነቢያትን ሃምሳ ሃምሳ አድርጎ በዋሻ ሸሽጓል። ዳዊት ከሳኦል የሸሸው ወደ ዓዶላም ዋሻ ነው። ይህን ሲሰማ ያደገ መናኝ ዋልድባ ወይም ሰሜን ገደል ሥር ጎጆውን ቢያደርግ ምን ይገርማል?

እስልምናም የራሱ አለው። ነቢዩ ሙሐመድ የመጀመሪያው ራእይ የወረደላቸው በሒራ ዋሻ ነው። ሱረቱል ካህፍ የሚባለው የቁርኣን ምዕራፍ ስሙን ያገኘው ዋሻ ውስጥ ከተኙት ወጣቶች ነው፤ ጁምዓ ቀን የሚቀራውም እሱ ነው። ክርስቲያኖች ታሪኩን የኤፌሶን ሰባቱ ደቂቅ ብለው ያውቁታል። አዲስ ዓለም ያለ ሙስሊምና ቀበሌው ማዶ ያለ ክርስቲያን ስለዚያው ዋሻ በየቤታቸው ሲያወሩ ማደጋቸውን ሳስበው ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር እንለይ። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ዋሻ አይደሉም፤ ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው። ይምርሐነ ክርስቶስ ግን ዋሻ ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ አልተፈለፈለም፤ በእንጨትና በድንጋይ ንብርብር ዋሻው ውስጥ የታነጸ ቤት ነው። ከጀርባው የብዙ ሰዎች ዐፅም አለ። ዕድሜ ለዋሻው፣ ዝናብ ሳይነካው እስከ ዛሬ ቆሟል። ማየት የሚችል ይየው፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ከላሊበላ በፊት ወደዚያ ነው የምልካችሁ።

በጦርነት ጊዜ ሕዝቡ በዋሻ ይሸሸግ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። መጨረሻው ግን ሁልጊዜ መልካም አልነበረም። በጣም የሚያሳዝነው በሰሜን ሸዋ፣ ዘረት የተባለው ቦታ፣ አመፀኛ ዋሻ ላይ የሆነው ነው። በ1931 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው እዚያ ተጠልለው ነበር። የኢጣሊያ ጦር ከቦ የመርዝ ጋዝ ተጠቀመባቸው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ፤ ሴቶችና ሕፃናትም ነበሩበት። ዋሻ ጥይት ይከላከላል፤ ከአየር የከበደ ጋዝ ግን ገብቶ እዚያው ይተኛል። የሰዎቹ አጥንት ከስድሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም ዋሻው ውስጥ ነበር።

ቁንጭር ከዋሻ ይይዛል?

ዋሻው ራሱ አያስይዝም፤ ዋሻው ውስጥ ያለው ዝንብ ነው። ቁንጭር የቆዳ ሊሽማኒያሲስ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ በሽኮኮ ሰውነት ውስጥ ይኖራል፤ ሽኮኮዋን ብዙም አይጎዳትም። የአሸዋ ዝንብ የምትባል ከትንኝ ያነሰች ነፍሳት ሽኮኮዋን ነክሳ ትመጣና ሰውን ትነክሳለች። ዝንቧ የምትውለው ጨለማና እርጥበት ባለበት የአለት ስንጥቅና ዋሻ ውስጥ ነው፤ ሽኮኮዋም እዚያው። ቤቱ ከገደል አጠገብ የሆነ፣ ልጆቹ ማታ ማታ ዋሻ አፍ ላይ የሚጫወቱ ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። ዝንቧ ደካማ በራሪ ናት፤ ሩቅ አትሄድም። የምትነክሰው በተለይ ከመሸ በኋላ ነው።

ቁስሉ ብዙ ጊዜ ፊት ላይ፣ ትንሽ እብጠት ሆኖ ይጀምራል። ብዙ አያምም፤ ጉዱም እዚህ ላይ ነው፤ ስለማያም ይናቃል። ለወራት፣ ለዓመትም ይቆያል። ትቶት የሚሄደው ጠባሳ ግን የዕድሜ ልክ ነው፤ አፍንጫና ከንፈር ላይ ሲሆን ደግሞ ይከፋል። በትኩስ ብረት ወይም በቅጠል ማቃጠል ጠባሳውን ይበልጥ ያከፋዋል። ጸበሉን የሚሻ ይሂድ፤ ሐኪሙንም ይጨምር። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሊሽማኒያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለ። ከደጋ መጥቶ እዚያ የሚታከም ብዙ ሰው ነው፤ ማፈር አያስፈልግም።

ተመሳሳይ ስም ስላላቸው ሰው የሚያምታታው ካላ አዛርን ነው። እሱ የሆድ ዕቃን የሚያጠቃ፣ ካልታከመ የሚገድል ሌላ በሽታ ነው። መተማና ሑመራ ቆላ ላይ ይበዛል። የእሱ ዝንብ ዋሻ አትፈልግም፤ የጥቁር አፈር ስንጥቅና የቆላ ዛፍ ሥር ይበቃታል።

ከሌሊት ወፍ ሌላ በሽታስ አለ?

አለ፤ በጣም መፍራት ሳይሆን ማወቅ ነው የሚያስፈልገው። ኩሷ በተከማቸበት ቦታ የሚያድግ ሻጋታ አለ፤ አቧራው ሲቦንን ሳንባ ይገባል። ዝቅ ያለና የታፈገ ክፍል ውስጥ ኩስ እየረገጣችሁ አትሂዱ፤ ግድ ከሆነ ማስክ አድርጉ። የሌሊት ወፍ ከነከሰች፣ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያህልም፣ በሳሙናና በውሃ በደንብ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ምልክቱ ከወጣ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ማርበርግ የሚባለው ቫይረስም ከአንድ ዓይነት የፍራፍሬ የሌሊት ወፍ ነው የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኡጋንዳ ውስጥ እንዲህ ያሉ ወፎች የሞሉበትን ዋሻ ጎብኝታ የተመለሰች የኔዘርላንድስ ዜጋ በዚህ ሞታለች። በሺዎች የሚቆጠሩ ወፎች ወዳሉበት ዋሻ ለሴልፊ ብሎ መግባት ዋጋ አያወጣም።

ዋሻ ልገባ ነው፤ ምን ልጠንቀቅ?

በክረምት አትግቡ፤ በተለይ ውሃ የሚያልፍበት ከሆነ። እ.ኤ.አ. በ2018 ታይላንድ ውስጥ 12 ታዳጊዎችና አሠልጣኛቸው ገብተው ከኋላቸው ጎርፍ የዘጋባቸው ለመዝናናት ብለው ነው። ሁሉም ቢወጡም አንድ ጠላቂ በሥራው ላይ እያለ ሞቷል። እናንተ ዘንድ ፀሐይ ቢሆንም ከላይ ተራራው ላይ ዘንቦ ሊሆን ይችላል።

ብቻችሁን አትሂዱ። ለቤተሰብ የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ንገሩ። የስልክ ፍላሽ መብራት አይደለም፤ ባትሪ ያዙ፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላ ይኑር። ወደ ታች የሚወርድ ዋሻ ውስጥ መጥፎ አየር ይተኛል። ራስ ምታት ከጀመራችሁ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ ወዲያው ውጡ። ሻማ አልጠፋም ብሎ መተማመንም አይበቃም። በእኛ ባዛልት ዋሻዎች ደግሞ ትልቁ አደጋ ከላይ የሚወርድ ድንጋይ ነው፤ ጣሪያውን ሳታዩ ሥሩ አትቀመጡ። ከሁሉ በፊት የአካባቢውን ሽማግሌ ጠይቁ። መንገዱንም፣ አውሬውንም፣ የሰሞኑን ሁኔታም ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ዋሻው ውስጥ የሚኖር መናኝ ባገኝ ምን ላድርግ?

ቤቱ ነው። ሰው ቤት ሳታንኳኩ ትገባላችሁ? ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ ድምፅ አሰሙ፣ «አባቴ ይባርኩኝ» በሉ። ከመለሱላችሁ ቅረቡ፤ ዝም ካሉ ተመለሱ። በዝምታ የሚጸልዩ አሉ። ፎቶ ያለ ፈቃድ በጭራሽ። ቲክቶክ ላይ ከለቀቃችሁት ደግሞ በሳምንቱ ሌላ ሃምሳ ሰው ይመጣል፤ እሳቸውም ቦታቸውን ለቀው ይሄዳሉ። ለሴቶች መግባት የተከለከለባቸው ገዳማት ስላሉ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ።

ዋሻ ውስጥ አጥንት፣ ሸክላ ወይም ብራና ባገኝስ? ቆፍሬ ማውጣት እችላለሁ?

አይቻልም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ለመፈለግና ለመቆፈር ፈቃድ ያስፈልጋል። በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ደግሞ ባለበት ጠብቆ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ቀላሉ መንገድ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መናገር ነው።

«እኔ ባላነሳው ሌላው ያነሳዋል» የሚል ክርክር ሁሌም ይመጣል። ይገባኛል፤ ነገር ግን ከቦታው የተነሳ ዕቃ ግማሽ ታሪኩ ይጠፋል። ሊቃውንቱ ዘመኑን የሚያውቁት በተኛበት ንብርብር፣ ከአጠገቡ ባለው ከሰልና አፈር ነው። ከላይ ያልነው ሽንብራ በአንድ ሰው ኪስ ገብቶ ቢወጣ ኖሮ ዛሬ ሽንብራ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከነቦታው ፎቶ አንሱ፣ ምልክት ያዙ፣ እጃችሁን ሰብስቡ። ወርቅ የሚፈልጉትን በተመለከተ፣ ገደል ሥር የእረኛ ምሳ ፍርፋሪ እንጂ የንጉሥ ግምጃ ቤት መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው።

የሌሊት ወፎቹን በጭስ ብናባርር፣ ኩሱን ለማዳበሪያ ብናወጣስ?

ኩሱ ጥሩ ማዳበሪያ መሆኑ እውነት ነው። ጭሱ ግን ነገር ያበላሻል። አብዛኞቹ የሌሊት ወፎች በዓመት አንድ ልጅ ብቻ ነው የሚወልዱት። እናቲቱ ስትሸሽ መብረር ያልጀመረው ልጅ ይወድቅና ይሞታል። ወፏ ከሄደች ደግሞ ማዳበሪያውም አብሮ ይቀራል። ማውጣት ግድ ከሆነ ወፎቹ ልጅ በማያሳድጉበት ጊዜ፣ ማታ ለምግብ ሲወጡ፣ ያለ እሳት፣ ማስክና ጓንት አድርጎ፣ በልክ ነው።

ቀበሌያችን ያለውን ዋሻ ለቱሪስት ብንከፍተው ጥሩ አይደለም?

ይህ ከሁሉም ከባዱ ጥያቄ ነው፤ ወጣቶች ሥራ ይፈልጋሉ። ፈረንሳይ ላስኮ የሚባል ዋሻ አለ። ሥዕሉ በ1940 እ.ኤ.አ. ተገኘ፤ በ1948 ለሕዝብ ተከፈተ። በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ገባ። የሰዎቹ ትንፋሽ፣ ሙቀትና መብራት ግድግዳው ላይ አረንጓዴ አልጌ አበቀለ። በ1963 ተዘጋ። ዛሬ ቱሪስቱ የሚያየው አጠገቡ የተሠራውን ቅጂ ነው፤ ገንዘቡ ግን እየገባ ነው።

የእኛ ዋሻ አብዛኛው ሰፊ አፍና ነፋስ ስላለው እንዲህ በቀላሉ አይታፈንም። ችግሩ ሌላ ነው፦ ግድግዳ ላይ ስም መጻፍ፣ ፕላስቲክ፣ ወለሉን መደልደል። ወለሉን በሲሚንቶ የደለደለ ሰው ያልተነበበ መጽሐፍ ነው የሚያሽገው። ስለዚህ ከመክፈታችሁ በፊት ቅርስ የሚያውቅ ሰው ይየው። መነኩሴ ካለበት ቤተ ክህነት ይጠየቅ። መንገዱን እስከ አፉ ድረስ አምጡና እዚያው አቁሙት። አስጎብኚው ከሰፈሩ ይሁን፣ በአንድ ጊዜ የሚገባው ሰው ጥቂት ይሁን፣ ሽንት ቤቱ ከምንጩ ራቅ ይበል። ቡናውን የሚያፈሉት ሴቶች ደግሞ ከገደሉ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ጥላ ሥር ይቀመጡ፤ ሲመሽ የአሸዋ ዝንቧ ወደ ውጭ ትወጣለችና።